ካሬኪን ሳርኪስያን የፈረሙትና ያልፈረሙት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ አርመኖች የኬልቄዶንን ጉባኤ፣ ማለትም ክርስቶስ “በሁለት ባሕርይ” ነው ብሎ የወሰነውንና እኛ የማንቀበለውን የ451ቱን ጉባኤ፣ ተቀብለው ከእኛ ተለይተዋል የሚል ሲሆን፣ ክሱን ሁሉ የሚጭነው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ በካቶሊኮስ፣ ማለትም በአርመን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት፣ በካሬኪን ሳርኪስያን። ጭብጡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ካሬኪን በ1996 ሮም ወርደው ከሊቀ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ጋር በፈረሙት ሰነድ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ለውጠዋል። ለዚህ ያበቃቸውም በኦክስፎርድና በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የቀሰሙት የፕሮቴስታንት ትምህርት ነው። አርመኖች ኬልቄዶንን ያልተቀበሉት በጦርነት ምክንያት ሳይገኙ ስለቀሩ ብቻ መሆኑን በመጽሐፋቸው አምነዋል። በመጨረሻም ለሥልጣን ሲሉ ከአንዱ መንበር ወደ ሌላው ዘለዋል። ጽሑፉ ከዚህ ተነሥቶ አርመኖችን ከእንግዲህ እህት ቤተ ክርስቲያን ብለን ልንጠራ አይገባም ሲል ይደመድማል።

ጸሐፊው ለሃይማኖታቸው ቀንተው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ቅንዓቱ ግን የሚከሱትን ሰው መጽሐፍ ገልጦ ከማየት ሊያድናቸው አይገባም ነበር። ክሱን በተነሣበት ቅደም ተከተል ባልሄድም ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁት በቀር የምጠቅሰው ዘመን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ተከሳሹ ማን እንደሆኑ እንለይ። ጽሑፉ ካሬኪን በ1996 ሮም ሄደው ፈረሙ ይልና በ2001 ደግሞ ሊቀ ጳጳሱን በአርመንያ በሚገኘው ዋናው የአርመን መንበር፣ በኤጭሚያጺን፣ ተቀብለው ዳግመኛ ፈረሙ ብሎ ያክላል። በ2001 የፈረሙት ሌላ ሰው ናቸው! ካሬኪን ሳርኪስያን በሰኔ 1999 በካንሰር ሕመም አርፈዋል። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አያዳግትም። በአርመኖች ዘንድ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ሦስት ካሬኪኖች ካቶሊኮስ ሆነዋል። የመጀመሪያው እስከ 1952 በሌላው የአርመን መንበር፣ መቀመጫው ሊባኖስ በሆነው በኪልቅያ መንበር የነበሩት፣ በጥንታዊ ብራናዎችና በኪነ ጥበብ ጥናታቸው የሚታወቁት ካሬኪን ሆቭሴፕያን ናቸው። ሁለተኛው የእኛው ባለ ጉዳይ ሳርኪስያን ሲሆኑ፣ በ1983 የኪልቅያን መንበር ሲረከቡ በስሙ ከሆቭሴፕያን ቀጥለው ስለመጡ “ካሬኪን ዳግማዊ” ተባሉ። በ1995 ለኤጭሚያጺን ሲመረጡ ግን በዚያ መንበር በዚህ ስም የተቀመጠ አባት ስላልነበረ “ካሬኪን ቀዳማዊ” ሆኑ። እርሳቸው ሲያርፉ የተተኩት ካሬኪን ኔርሲስያን ደግሞ በተራቸው “ካሬኪን ዳግማዊ” ተባሉ። እንግዲህ አንድ ሰው መጀመሪያ ዳግማዊ፣ በኋላ ቀዳማዊ ተብለዋል፤ ሌላው ደግሞ አስቀድሞ የእርሳቸው የነበረውን ስም ከነቁጥሩ ይዘዋል። ለማንም ግራ ያጋባል፤ ሰው በሃይማኖት ክሕደት ከመክሰስ በፊት ግን ይህን ማጥራት ግድ ነው። ጽሑፉ በሳርኪስያን ላይ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ እርሳቸው ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈጸመ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሊቀ ጳጳሱ በካሬኪን አልጋ አጠገብ ተገኝተው ነበር የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። በሰኔ 1999 ከፖላንድ ጉዟቸው ተነሥተው በሞት አፋፍ ላይ የነበሩትን ካቶሊኮስ ሊጠይቁ አስበው ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው ታመሙና ቀረ። አርመንያን የረገጡት በመስከረም 2001 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ካሬኪንና ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ይህ አይካድም። ግን በመግለጫው ላይ ምን ተጻፈ? ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አይነግረንም። መግለጫው ስለ ክርስቶስ የሚናገረው ክፍል ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ክርስቶስ በመለኮቱ ፍጹም አምላክ፣ በትስብእቱ ፍጹም ሰው እንደሆነ፤ መለኮቱ ከትስብእቱ ጋር በአንድያ ልጅ አካል በእውነተኛና በፍጹም ተዋሕዶ እንደተዋሐደ፤ ተዋሕዶውም ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፈል፣ ያለ ምንም መለያየት እንደሆነ ይናገራል። “ሁለት ባሕርይ” የሚል ቃል በዚያ ውስጥ የለም። ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ መቀበልም ሆነ “ሁለት ባሕርይ”ን ስለሚያስተምረው ስለ ሮሙ ሊቀ ጳጳስ ስለ ልዮን ጦማር የተባለ አንዳች ነገር የለም። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጽዋ እንዲቆርቡ የሚፈቅድ ቃልም የለበትም።

ጸሐፊው እነዚህ አራት “ያለ”ዎች ራሳቸው የኬልቄዶን ቃላት ናቸው ሊሉ ይችላሉ። በኬልቄዶን ውሳኔ ውስጥ መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ኬልቄዶን የፈጠራቸው አይደሉም። በዚያው ጉባኤ በመጀመሪያው ቀን ተከስሰው የቆሙት ቅዱስ ዲዮስቆሮስ እኛ መቀላቀልንም መከፈልንም መለወጥንም አንልም፤ ይህን የሚል ቢኖር የተወገዘ ይሁን ብለው ተናግረዋል፤ ንግግራቸው በጉባኤው መዝገብ ሰፍሯል። የዲዮስቆሮስ ክርክር በእነዚህ ቃላት ላይ አልነበረም። ክርክራቸው ከተዋሕዶ በኋላ “በሁለት ባሕርይ” በሚለው ላይ ነበር፤ ከሁለት ባሕርይ የሚለውን እቀበላለሁ፣ ሁለት የሚለውን ግን አልቀበልም ያሉትም ለዚህ ነው። የካሬኪን መግለጫ ውስጥ የሌለው ደግሞ በትክክል ያ ዲዮስቆሮስ እምቢ ያሉት ቃል ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በእኛው ቅዳሴ ካህኑ ሥጋውንና ደሙን ከማቀበሉ በፊት “አምን፣ አምን፣ አምን” እያለ የሚያነበውን የእምነት ምስክርነት ያስታውሷል። ከእመቤታችን የነሣውን ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት፣ ያለ መለወጥ ከመለኮቱ ጋር አንድ እንዳደረገው፤ መለኮቱም ከትስብእቱ አንዲት ሰዓት ይቅርና የዓይን ቅጽበት ያህል እንኳን እንዳልተለየ እንሰማለን፤ “አሜን” እንላለን። ጸሐፊው በየሳምንቱ አሜን የሚሉበት ቃል ሮም ላይ ሲነገር እንዴት ኬልቄዶናዊ ይሆናል?

ደግሞ ይህን ያደረጉት ካሬኪን የመጀመሪያው አይደሉም። የግብፁ ፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊ በግንቦት 1973 ከሮሙ ሊቀ ጳጳስ ከጳውሎስ ሳድሳዊ ጋር ተመሳሳይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የሶርያው ፓትርያርክ ዘካ ቀዳማዊ በ1984 ከዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ጋር የፈረሙት ሰነድ ከካሬኪን እጅግ አልፎ ይሄዳል፤ ምእመናን የራሳቸውን ካህን ማግኘት ካልቻሉ ከሌላው ቤተ ክርስቲያን ካህን ምሥጢራትን እንዲቀበሉ ይፈቅዳል። አርመኖቹ ራሳቸው በቀደመው ካቶሊኮስ በቫዝገን ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1970፣ ከጳውሎስ ሳድሳዊ ጋር ተገናኝተው መግለጫ አውጥተዋል። ሺኖዳን ኬልቄዶናዊ ያላቸው ሰው አላጋጠመኝም። ጸሐፊውም አላሏቸውም። መለኪያው ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ከሆነ ክሱ የሃይማኖት ክስ መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ የምቀበለው ነቀፌታ ነበር። የ1996ቱ መግለጫ ለልዩነቱ መስፋት የቋንቋ፣ የባህልና የፖለቲካ ምክንያቶች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይናገራል። ይህች ዓረፍተ ነገር ለእኔም አትጥመኝም። የዲፕሎማሲ ሽታ አላት፤ ለሁለቱም ወገን ፊት ማዳኛ ሆና የገባች ትመስላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካሬኪን ራሳቸው በወጣትነታቸው ከጻፉት ጋር ጎን ለጎን ስትቀመጥ ታንሳለች። ይህም ወደ መጽሐፋቸው ያመጣኛል።

ካሬኪን በ1950ዎቹ መጨረሻ በኦክስፎርድ ሲያጠኑ የሠሩት ጥናት በ1965 ለንደን ላይ ታተመ። ርእሱ “የኬልቄዶን ጉባኤና የአርመን ቤተ ክርስቲያን” ነው። ጸሐፊው ከዚህ መጽሐፍ አንድ ነጥብ ብቻ ይወስዳሉ፦ አርመኖች በ451 ከፋርሶች ጋር ጦርነት ላይ ስለነበሩ ወደ ጉባኤው አልሄዱም፤ ያልተቀበሉትም ስላልሰሙት ነው የሚለውን። አስገራሚው ነገር መጽሐፉ የተጻፈው ይህንኑ አባባል ለማፍረስ መሆኑ ነው። አባባሉ የምዕራባውያን ታሪክ ጸሐፊዎች ነበር። እነርሱ ለረጅም ጊዜ የአርመኖችን እምቢታ የቋንቋ ችግር፣ የትርጉም ስሕተት፣ የጦርነት አጋጣሚ ወይም ከቁስጥንጥንያ ነጻ ለመሆን የተደረገ የፖለቲካ ስሌት አድርገው ያቀርቡት ነበር። ወጣቱ ካሬኪን በእነርሱ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው፣ በእነርሱ ቋንቋ፣ ይህን አባባል ተራ በተራ ፈተሹት። ጽሑፉ ካሬኪንን በምዕራባውያን አስተሳሰብ ተመርዘዋል እያለ ምዕራባውያኑ የተናገሩትንና ካሬኪን የተከራከሩትን ሐሳብ መልሶ የካሬኪን ያደርገዋል።

የክርክራቸውን መንገድ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ሊቃውንት የሚነበብ ነገር አለውና። ስለ ኬልቄዶን ለመናገር ከ451 አይነሡም፤ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ከኤፌሶን ጉባኤ ይነሣሉ። በዚያ ዘመን አርመኖች ፊደላቸውን በቅዱስ መስሮፕ ማሽቶትስ አማካይነት ካገኙ ገና ብዙ አልቆዩም፤ ካቶሊኮስ ሳሃክና መስሮፕ ደቀ መዛሙርታቸውን ወደ ቁስጥንጥንያ እየላኩ መጻሕፍት ያስተረጉማሉ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ኮርዩን እንደጻፈው፣ ሲመለሱ የታረሙ የመጻሕፍት ቅጂዎችን ብቻ ሳይሆን የኒቅያንና የኤፌሶንን ቀኖናዎችም ይዘው መጡ። በዚህ መካከል በኤፌሶን የተወገዘው የንስጥሮስ መምህር ይባል የነበረው የቴዎድሮስ ዘሞፕስዌስትያ መጻሕፍት ወደ አርመን ምድር መሰራጨት ጀመሩ። የመሊጢኑ ጳጳስ አካክዮስ ለሳሃክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። አርመኖቹም በጉዳዩ ላይ እውነተኛውን ትምህርት እንዲነግሯቸው ሁለት ቀሳውስት ወደ ቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ወደ ቅዱስ አብሮቅሎስ ላኩ። አብሮቅሎስ በ435 የመለሱላቸው ጦማር ከሥላሴ አንዱ፣ እግዚአብሔር ቃል፣ ሰው ሆነ የሚለውን ትምህርት አጥብቆ የያዘ ነው።

ይህ እንግዲህ ከኬልቄዶን 16 ዓመት በፊት ነው። የካሬኪን ነጥብም ይኸው ነው፦ አርመኖች ኬልቄዶን ሲመጣ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በቄርሎስና በአብሮቅሎስ መንገድ የተቀረጸ እምነት ቀድሞ ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የመዘኑት በእርሱ ነው። አንባቢዬ የግእዝ መጻሕፍትን የሚያውቅ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም ይበል። በእኛ “ቄርሎስ” እየተባለ በሚጠራው መጽሐፍ፣ ከቄርሎስ ድርሳናትና ከኤፌሶን መልእክቶች ጋር የአብሮቅሎስም ቃል ተተርጉሞ ይገኛል። ለአርመኖች ጦማር የላኩት አብሮቅሎስና በእኛ አብነት ቤት የሚታወቁት አብሮቅሎስ አንድ ሰው ናቸው። ሁለታችን ከአንድ ምንጭ ጠጥተናል ማለት ለማሳመር የተባለ ነገር አይደለም።

ጦርነቱም ሐሰት አይደለም። በግንቦት 26 ቀን 451 ቫርዳን ማሚኮንያንና ሠራዊቱ በአቫራይር ሜዳ ከፋርሶች ጋር ተዋግተው ወደቁ፤ የኬልቄዶን ጉባኤ የተከፈተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። አለመገኘት ግን አንድ ነገር ነው፣ እምቢ ማለት ሌላ ነገር። እምቢታው የመጣው ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ፣ ነገሩ በሚገባ ከተሰማና ከተመረመረ በኋላ ነው። በ506 ካቶሊኮስ ባብኬን በአርመን ከተማ በድቪን ጉባኤ ሲያደርጉ በፋርስ መንግሥት ሥር በንስጥሮሳውያን የተጨነቁ ክርስቲያኖች ስምዖን ዘቤተ አርሻምን ጨምሮ መልእክተኞቻቸውን ልከው ምስክርነት ጠየቁ። አርመኖቹ ከንስጥሮሳውያን ጋር በአንድ መንግሥት ሥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ነበሩና “ሁለት ባሕርይ” የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩትም። በ555 ገደማ በካቶሊኮስ ኔርሴስ ዳግማዊ ዘመን ድቪን ላይ በተደረገው ሌላ ጉባኤ መለያየቱ ጸና። ካሬኪን ይህን ሁሉ የሚያስረዱት “የደብዳቤዎች መጽሐፍ” ከሚባለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን የጥንት ደብዳቤዎች ስብስብ እየጠቀሱ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ሮም ላይ ብዕር ሲያነሣ የትኛውን ቃል እንደሚፈርም፣ የትኛውን እንደማይፈርም ሳያውቅ ቀርቷል ብሎ መገመት ይከብዳል። “ሁለት ባሕርይ” የሚለው ከመግለጫው የጠፋው በአጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ደግሞ ከዚያ ይብስ ይከብዳል።

ስለ ኦክስፎርድ ይህ ይበቃል። ስለ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የተባለውን ግን ጸሐፊው ባያነሡት ይሻል ነበር። ካሬኪን ከ1975 ጀምሮ የጉባኤው ማዕከላዊ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ነበሩ፤ እውነት ነው። የአርመን ሁለቱ መንበሮች ግን ወደ ጉባኤው የገቡት በ1962 ሲሆን፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በ1948 ጉባኤው ሲመሠረት ጀምራ አባል ናት። አቡነ ጳውሎስም በ2006 ከጉባኤው ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነው ተመርጠዋል። በአባልነት መመረዝ የሚባል ነገር ካለ እኛ 14 ዓመት ቀድመናል።

ከኬልቄዶናውያን ጋር መነጋገርም ቢሆን ካሬኪን ከሮም ያመጡት ሐሳብ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. በጥር ወር (በጎርጎርዮስ 1965) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡ። ከእስክንድርያው ቄርሎስ ሳድሳዊ፣ ከሶርያው ያዕቆብ ሣልሳዊና ከሕንዱ ካቶሊኮስ ጋር ሁለቱም የአርመን ካቶሊኮሶች፣ የኤጭሚያጺኑ ቫዝገንና የኪልቅያው ኮሬን፣ መጥተው ነበር። ሁለቱ መንበሮች ከ1956 ጀምሮ ተቀያይመው ቆይተው ኢየሩሳሌም ላይ ፊት ለፊት ከተገናኙ ገና ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር የሥነ መለኮት ውይይት እንዲደረግ በአንድ ድምፅ የተወሰነው በዚያ ጉባኤ ነው። በ1971 ደግሞ የሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች፣ ኬልቄዶንን የተቀበሉትና ያልተቀበሉት፣ የሥነ መለኮት ሊቃውንት ውይይታቸውን ለመቀጠል የተሰበሰቡት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። መነጋገር ክሕደት ከሆነ ደጁን የከፈትነው እኛ ነን።

የቀረው የሥልጣን ክስ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከእውነት ብዙም አልራቁም፤ ነገሩን ግን አዛብተውታል። ካሬኪን በ1932 በሰሜን ሶርያ በከሳብ ተወለዱ፤ የክርስትና ስማቸው ንሻን ነበር። በ14 ዓመታቸው ሊባኖስ አንቴልያስ ወደሚገኘው የኪልቅያ መንበር ሴሚናሪ ገቡ፤ በ1952 መንኩሰው ካሬኪን ተባሉ። በቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በታዛቢነት ተቀምጠዋል፤ በኢራን የኢስፋሃን አርመኖች ሊቀ ጳጳስ፣ ቀጥለውም በአሜሪካ የኪልቅያ መንበር እንደራሴ ነበሩ። በ1977 ለኮሬን ረዳት ካቶሊኮስ ሆነው ወደ አንቴልያስ የተመለሱት የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት በሚነድድበት ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም በዚያው ቆዩ። ሥልጣንን ለምቾት የሚፈልግ ሰው ከኒው ዮርክ ወደ ቤይሩት አይሄድም።

በ1994 ቫዝገን ሲያርፉ ለኤጭሚያጺን የካሬኪን ስም ተነሣ። የወቅቱ የአርመንያ ፕሬዚዳንት ሌቮን ቴር ፔትሮስያን በግልጽ ደገፏቸው፤ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ምርጫ እጁን ማስገባቱ የሚያስወቅስ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜም ተወቅሶበታል። ፕሬዚዳንቱ የአርመን ብሔርተኞችን የዳሽናክ ፓርቲን ያገዱት በዚያው በ1994 መጨረሻ ሲሆን፣ የአንቴልያስ መንበር ዋነኛ ደጋፊ ደግሞ ይኸው ፓርቲ ነበር። ስለዚህ ካሬኪን በሚያዝያ 1995 ሲመረጡ ከገዛ ወገናቸው ብዙዎች እንደ ከዳተኛ አዩአቸው። ጸሐፊው ዝለል ያሉት ይህን ነው።

ነገር ግን ካሬኪን ለምን ተቀበሉት? በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አንቴልያስና ኤጭሚያጺን በአሜሪካ፣ በኢራንና በግሪክ ምእመናንን ተካፍለው ነበር፤ በአንድ ከተማ ሁለት የአርመን አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ካቶሊኮሶች ስም ይቀድሱ ነበር። የአንቴልያስ ካቶሊኮስ የኤጭሚያጺን ካቶሊኮስ ቢሆን ቁስሉ ይሽራል የሚል ተስፋ በብዙዎች ልብ ነበር፤ በእርሳቸውም ልብ እንደነበረ እገምታለሁ። ተስፋው አልሠራም። ካሬኪን ኤጭሚያጺን ከገቡ ሦስት ወር ሳይሞላ አንቴልያስ አራም ቀዳማዊን መርጦ ሾመ፤ በአሜሪካም የሁለቱ መንበር አህጉረ ስብከት እስከ ዛሬ ለየብቻቸው ናቸው። ካሬኪን በኤጭሚያጺን የተቀመጡት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ያዘጋጁለት የነበረውን የ1700ኛ ዓመት የክርስትና በዓልም አላዩትም። ጸሐፊው ካሬኪን የተሳሳተ ስሌት አስልተዋል ቢሉ ኖሮ ብዙም የምከራከረው ነገር አልነበረኝም።